ሦስት ሸክላና ስድስት ብርጭቆ

የልጅ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቷ ጋር እየመጣች እኛ ዘንድ ትውላለች። ከጥቂት ወራት በፊት እንደ ልማዷ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ሶፋው ላይ ተጋድማ ሳለ፣ ባለቤቴ ቡና አፍልታ ሦስት ጊዜ ጠራቻት። አልሰማችም። ተነሣሁና ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅዬ «ደግሞ ምንድን ነው እንዲህ የሚያደነቁርሽ?» አልኳት። ተቆጥቼ ነበር። እሷ ግን ከልቤ የጠየቅኋት መስሏት አንዱን ማዳመጫ ወደ ጆሮዬ አስጠጋችልኝ።

ጊታር ነው። ቀለል ያለ፣ እንደ ማለዳ ወፍ የሚንጫጫ ጊታር። ከ50 ዓመት በላይ ሳልሰማው የኖርኩት ዘፈን ነበር።

«ይሄንን እኮ አውቀዋለሁ» አልኳት።

«አባባ? ሮክ? የት ሰምተህ?»

የሰማሁት በታላቅ ወንድሜ ክፍል በር ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ወንድም ጋሼ በ1964 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አስተማሪ ሦስት ትልልቅ ሸክላዎች ሰጠው። ማጫወቻዋን፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ሻንጣ የመሰለች ዕቃ፣ ከጓደኛው ይዋሳል። በሩን ዘግቶ ይሰማል። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ውጭ ቁጭ ብዬ አብሬው እሰማለሁ።

አባታችን ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን የልጁ ጎፈሬ በየቀኑ ሲያድግ፣ ማትሪክ ሲቃረብና በሩ ሲዘጋ አየ፤ ፈራ። አንድ ቀን ወንድም ጋሼ ትምህርት ቤት ሳለ ልዋጭ በደጃችን ሲያልፍ ጠራው። ሦስቱን ሸክላዎች ከአንድ አሮጌ ካፖርት ጋር ሰጥቶ ስድስት የሻይ ብርጭቆ ተቀበለ።

ወንድም ጋሼ ማታ ሲመለስ ምንም አልተናገረም። ጎፈሬውን ተቆረጠ፣ ማትሪክም አለፈ። ግን ከዚያ ቀን ወዲያ በእነዚያ ብርጭቆዎች ሻይ ሲጠጣ አይቼው አላውቅም። እናታችን በጣሳ ነበር የምትሰጠው። ከዓመታት በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ አሁንም እዚያው ነው። ስለ ሸክላዎቹ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ማዳመጫውን ከልጅቷ ጆሮ ስነቅል የአባቴን እጅ ነበር ያየሁት።

እናም ከልጅ ልጄ ጋር አንድ ሥራ ጀመርን፤ የሮክ አልበሞችን መሰብሰብ። እሷ ዘፈኖቹን ተበታትነው በስልኳ ላይ ታውቃቸዋለች እንጂ አልበሞቹን አታውቅም። እኔ ሁለቱንም አላውቅም። እንደ እኛ ከባዶ ለሚነሣ ቤተሰብ ይጠቅማል ያልኩትን ዛሬ ላካፍላችሁ። የአልበሞቹን ዓመት የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አልበም ሲባል

በእኛ አገር ሸክላ በገነነበት ዘመን የነገሠው ትንሹ ሸክላ ነበር። በ1969 ሥራ የጀመረው አምሃ ሬከርድስ ካወጣቸው ሥራዎች አብዛኞቹ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን የሚይዙ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ናቸው። በአሜሪካ በ1948 ለገበያ የቀረበው ትልቁ ሸክላ ግን 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ እየዞረ በአንድ ፊት 20 ደቂቃ ያህል ይይዛል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የሮክ ሙዚቀኞች ይህን ቦታ እንደ አንድ መጽሐፍ ያዩት ጀመር፤ መግቢያ ያለው፣ ምዕራፍ ያለው፣ መደምደሚያ ያለው። ቢትልሶች በ1966 የመድረክ ጉዟቸውን አቁመው ስቱዲዮ የገቡትም እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት ጊዜ ስላገኙበት ነው።

በካሴት ያደገ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ካሴት ላይ መዝለል ስለማይመች ከላይ እስከ ታች እንሰማ ነበር። አንዱ ዘፈን ሳያልቅ የሚቀጥለው አፋችን ላይ ይመጣ ነበር። የዛሬ ልጆች ይህን አላገኙም። የልጅ ልጄ አንድ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምታ የማታውቅ መሆኗን ስትነግረኝ፣ ይህንን እንኳ ላስተምራት እችላለሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ከየት እንጀምር?

የመጀመሪያውን ምክር የጠየቅነው ወንድም ጋሼን ነው። የደወለችለት እሷ ነች። «አባባ፣ አስተማሪው የሰጡህ ሦስት ሸክላዎች ምን ምን ነበሩ?» አለችው። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ትናንት ያያቸው ይመስል በተራ ነገራት።

አንደኛው የቢትልስ «አቢ ሮድ» ነው፤ 1969። አራቱ ልጆች በእግረኛ ማቋረጫ ላይ ሲሻገሩ የሚታዩበት ሽፋን ነው። ፊት ለፊቱ ላይ የቡድኑም ሆነ የአልበሙ ስም አልተጻፈም። ሁለተኛው ፊት ላይ አጫጭር ዘፈኖች እርስ በእርስ ተሰፍተው እንደ አንድ ረጅም ዘፈን ይወርዳሉ። አልበም ማለት ምን እንደሆነ ለልጅ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ሁለተኛው የክሪደንስ ክሊርወተር ሪቫይቫል «ኮስሞስ ፋክተሪ» ነው፤ 1970። የካሊፎርኒያ ልጆች ናቸው። ዘፈኖቻቸው በአብዛኛው አጭርና ግልጽ ናቸው። ሮክ ጩኸት ብቻ ነው ብሎ ለሚያምን አያት የሚሰጥ ይህ ነው። ባለቤቴ እንኳ ወጥ እየሠራች እግሯን ስትመታ አይቻታለሁ።

ሦስተኛው የጂሚ ሄንድሪክስ «አር ዩ ኤክስፒሪየንስድ» ነው፤ 1967። ሄንድሪክስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ስሙ የገነነው ግን መጀመሪያ ለንደን ነው። በግራ እጁ የሚጫወተውን ኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ሰው ያናግረዋል። ይህኛው ጆሮ እስኪለምደው ሦስት ጊዜ መስማት ይፈልጋል።

በእነዚህ ሦስት ላይ እኛ አራት ጨመርን። የካሮል ኪንግ «ታፔስትሪ»፣ 1971፤ ፒያኖና የአንዲት ሴት ድምፅ ነው፣ ለእሑድ ከሰዓት የሚሆን። የሌድ ዘፕሊን አራተኛ አልበም፣ 1971፤ ሽፋኑ ላይ ርእስ የለውም። ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ዋሽንት በሚመስል ድምፅና በለሰለሰ ጊታር የሚጀምር ስምንት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ዘፈን አለበት። የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»፣ 1973፤ በልብ ትርታ ጀምሮ በልብ ትርታ ያበቃል፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሞት ያወራል። መሐል ላይ ብዙ ሰዓቶች በአንድ ጊዜ ይደውላሉ፤ እኛ ቤት ሲደውሉ ባለቤቴ ጀበናውን ልትጥለው ነበር። የፍሊትውድ ማክ «ሩመርስ»፣ 1977፤ ሲቀረጽ ከቡድኑ አባላት መሐል ሁለት ጥንዶች እየተለያዩ ነበር። አንዱ በሌላው ላይ የጻፈውን ዘፈን ሌላው ራሱ ተቀምጦ አብሮ ይጫወታል። ከልጄ ጋር ስለ ትዳር ብዙ ያወራነው ይህን እየሰማን ነው።

ሥሩን ማወቅ ለሚፈልግ ደግሞ ወደ ኋላ ይሂድ፤ ወደ ቸክ ቤሪና ወደ መዲ ዋተርስ። ሮክ የበቀለው ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝና የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው። ሮሊንግ ስቶንስ የሚባሉት እንግሊዛውያን ስማቸውን የወሰዱት ከመዲ ዋተርስ ዘፈን ነው።

ከመግዛት በፊት

ሰባቱንም በአንድ ጊዜ መግዛት አያስፈልግም፤ ለኪስም ለጆሮም አይበጅም። የእኛ ደንብ እንዲህ ነው። አንዱን አልበም በስልክና በድምፅ ማጉያ ሙሉውን ሦስት ጊዜ እንሰማለን። ከሦስተኛው በኋላ ሁለታችንም አሁንም ከወደድነው በዝርዝራችን እንጽፈዋለን። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲኖር አንድ ብቻ እናስመጣለን። እስካሁን መደርደሪያችን ላይ ያሉት አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ዘመን ኅትመት ውድ ነው፤ ለጀማሪ አዲስ የታተመው ይበቃል። ያገለገለ ከሆነ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ ብርሃን ላይ አዘንብሎ ማየት ነው። ቀጭን ጭረት ብዙ አይጎዳም፤ በጥፍር ሲዳስሱት የሚይዝ ጭረት ግን መርፌውን ያዘልለዋል። በፀሐይ የተጣመመውን ይተዉት። ሸክላ የሚያዘው በጠርዙ ነው፤ የሚቀመጠውም እንደ መጽሐፍ ቆሞ እንጂ ተደራርቦ አይደለም።

በማጫወቻው ግን እኔ ተታልያለሁ። ወንድም ጋሼ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ አንድ ደህና ማጫወቻ ገዝቶ በሰው ላከልን። የአሜሪካ ዕቃ በ120 ቮልት እንደሚሠራ ስለማውቅ ትራንስፎርመር ገዛሁ። ስንከፍተው ዘፋኙ እንደ ታመመ ሰው ድምፁ ወፍሮ ተጎተተ። የሰፈራችን ራዲዮ ጠጋኝ መጥቶ አየውና ሳቀ። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ 50 ጊዜ። እንዲህ ያለው አሮጌ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚያ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ይህን አይለውጥም። ስለዚህ ከአሜሪካ የሚያስመጡ ከሆነ በቻርጀር መሰል ማስተካከያ የሚሠራ አዲስ ሞተር ያለው መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። የመርፌው ክብደት የሚስተካከል ቢሆን ደግሞ የበለጠ ነው፤ ርካሽ የሻንጣ ማጫወቻዎች በብዛት መርፌያቸው ከብዶ ሸክላውን ይበላዋል።

የራሳችሁንም ዕቃ ቤት ሳትፈትሹ አትቅሩ። የእኛ አገር የዚያ ዘመን ሸክላዎች ዛሬ በውጭ ሰብሳቢዎች በእጅጉ ይፈለጋሉ። ከአልጋ ሥር ያለውን ካርቶን ለልዋጭ ከመስጠታችሁ በፊት ክፈቱት።

ከልጅ ጋር ሲሰማ

አንድ ፊት እስኪያልቅ ስልክ አይነካም፤ የእኔም ጭምር። ካለቀ በኋላ መጀመሪያ የምትናገረው ልጅቷ ናት። እኔ «ጩኸት ነው» ማለት የምችለው እሷ ምን እንደወደደችለት ከነገረችኝ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ እስከዚያ ድረስ ሐሳቤ ይለወጣል።

የሚያስፈራውንም አልደበቅንም። በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ አለ፣ ልቅ ነገር አለ። ሄንድሪክስ በ1970 ለንደን ውስጥ የሞተው የእንቅልፍ መድኃኒት አብዝቶ ወስዶ ነው፤ 27 ዓመቱ ነበር። ይህንን የነገርኳት ሸክላውን አብረን እየሰማን ነው። ጸጥ ብላ ቆየችና ትምህርት ቤቷ ስላለ አንድ ልጅ ነገረችኝ። በር ዘግታ ብትሰማው ኖሮ ያንን ወሬ አላገኘውም ነበር።

ባለፈው ወር ከጀርመን የመጣች የባለቤቴ እህት «አቢ ሮድን» አመጣችልን። ወንድም ጋሼ ጋ ደወልን። እዚህ ምሽት ነው፣ እዚያ ረፋድ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው አጠገብ አድርገን ሁለተኛውን ፊት ከፈትን። ያ የማለዳ ወፍ የመሰለ ጊታር ጀመረ። ከወዲያ በኩል ምንም አይሰማም፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ስልኩን አየሁ።

የመጨረሻው ትልቁ ዘፈን አለቀ። ዝም አለ። ልጅቷ መርፌውን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ ከስልኩ «ቆይ! አትንኪው!» የሚል ድምፅ መጣ። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ጥቂት ሰከንዶች ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ የማትሞላ አንዲት ትንሽ ዘፈን መጥታ ሳትጨርስ ቁርጥ አለች። በመጀመሪያው ኅትመት ሽፋን ላይ ስሟ እንኳ ያልተጻፈ ዘፈን ናት። ወንድም ጋሼ ግን የት እንዳለች ያውቃል።

«ከዚያ ወዲህ ገዝተኸው አታውቅም?» አልኩት።

«አልገዛሁም» አለ። ትንሽ ቆየና «ብርጭቆዎቹ አሉ?» ሲል ጠየቀኝ። እሱም አይረሳም ማለት ነው።

«አንድ ቀርታለች» አልኩት። እናታችን ስትሞት እኔ ጋ የመጣች ናት።

«በል እንዳትሰብራት። ለፋሲካ ስመጣ ሻይ እጠጣባታለሁ» አለ።

ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አውርጄ አጥቤያታለሁ።