አራት ዓረፍተ ነገር

ጋዜጠኛ ልትሆን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተዋናይት ሆና የቀረች ሴት አለች፤ ካሮል በርኔት ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1933 ቴክሳስ ተወልዳ ሆሊውድ ውስጥ በአንዲት ክፍል ቤት ከአያቷ ጋር አደገች። ሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳለች መድረክ ላይ ወጥታ ሰው ሲስቅላት ልቧ ወደ ቴአትር ሄደ። በ1959 በኒውዮርክ መድረክ በአንድ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ታወቀች። ከ1967 እስከ 1978 ደግሞ በስሟ የሚጠራ የቴሌቪዥን ዝግጅት በሲቢኤስ ነበራት። አንዴ ጽዳት ሠራተኛ፣ አንዴ መጋረጃ ከነዘንጉ ለብሳ ደረጃ የምትወርድ እመቤት ትሆናለች። በዝግጅቱ መጨረሻ ጆሮዋን ትጎትታለች፤ ለአያቷ «ደህና ነኝ» ማለቷ ነው።

ታዲያ ስለ እሷ የምጽፈው ስላሳቀችን ብቻ አይደለም። ከእኛ ሙያ ጋር ፍርድ ቤት ስለቆመችም ነው።

በ1976 ናሽናል ኢንኳየረር የተባለው ጋዜጣ ስለ እሷ አራት ዓረፍተ ነገር አወጣ። ዋሽንግተን ምግብ ቤት ውስጥ ከሄንሪ ኪሲንጀር ጋር ጮክ ብላ ተከራከረች፣ ወይን ሰው ላይ ደፍታም ሳቀች ይላል። «ሰክራለች» የሚል ቃል የለበትም፤ አንባቢ የሚረዳው ግን እሱኑ ነው። ወሬውን ያቀበለው ሰው ራሱ አልሰከረችም ብሎ ነበር። እናትና አባቷ ደግሞ የመጠጥ ሱሰኞች ነበሩ። ነገሩ የት ቦታ እንደወጋት አስቡት።

ጋዜጣው ማስተባበያ ቢያወጣም ከሰሰች። በ1981 ዳኞች 1.6 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላት፤ በኋላ ገንዘቡ በፍርድ ቤት ተቀነሰ፣ ጉዳዩም በስምምነት አለቀ። እሷም ለሀዋይ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር ማስተማሪያ ገንዘብ ሰጠች። ሙያውን አልጠላችም ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ታዋቂ ሰው ይቻለው፤ ደግሞስ ኮሜዲያን አይደለች? በራሷ እያሳቀች ነው የምትኖረው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መድረክ ላይ የምትወድቀው መርጣ፣ ተለማምዳ፣ የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ ለብሳ ነው። ጋዜጣው ግን ያላደረገችውን በገዛ ስሟ ጻፈባት። ስም ደግሞ ከመቃብር በላይ ነው።

ምንጭ ማጣራት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ፖለቲካ ነው። የመዝናኛ ወሬ «ቀላል ነገር ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገ ስንመረቅ ግን ከመካከላችን ስንቱ ሥራ የሚጀምረው በዚያው «ቀላል» አምድ ላይ ይሆን? ስለዚህ መምህራኖቻችን ይህን ክስ በሥነ ምግባር ትምህርታችን ውስጥ ቢያስገቡልን እላለሁ። እኛም ተማሪዎች ስለ አንዲት ተዋናይት «ተባለ» ብለን ከመጻፋችን በፊት ማን እንዳለ፣ አይቶ ይሁን ሰምቶ እንጠይቅ። ማረጋገጥ ካልቻልን ቦታው ባዶ ይቅር። አራት ዓረፍተ ነገር ቢጎድል ጋዜጣ አይሞትም።