ለትምህርት ቤት የማይሆን ልጅ አለን?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አጭር አሳቤን ከአንባብያን ደብዳቤዎች መካከል ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ ያደግሁ፣ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የማስተምር የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነኝ። መምህር መሆኔን አስቀድሜ መናገሬ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ወቀሳ ከሁሉ በፊት በራሴ ላይ የሚያርፍ ስለሆነ ነው።

የታላቅ እኅቴ ልጅ ስምንት ዓመት ሆኖታል። በሦስት ዓመቱ አፉን አልፈታም ነበር። ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ የጠርሙስ ክዳኖችን በየመልካቸው ደርድሮ አንዲቱ ከስፍራዋ ብትነሣበት ረዥም ሰዓት ያለቅስ ነበር። ከጎረቤት አንዱ «የሰው ዓይን ነው» አለ፤ ሌላው የእናቲቱን ኃጢአት ፈለገ። እኅቴ ጠበሉንም ጸሎቱንም አላጓደለችም። በመጨረሻ ከደሴ ተነሥታ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዛ አዲስ አበባ ከሐኪም ዘንድ ብታደርሰው፣ ነገሩ ኦቲዝም የሚባለው የአእምሮ ዕድገት ልዩነት መሆኑ ተነገራት።

የከፋው ድካም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ልጁን እንዳየ «ቦታ ሞልቷል» አለ። ሁለተኛው ሁለት ሳምንት አቆይቶ «ሌሎቹን ይረብሻል፤ ለትምህርት ቤት አይሆንም» ሲል መለሰው። ሦስተኛው «አንቺ ራስሽ አጠገቡ ከተቀመጥሽ እንቀበለዋለን» አላት። እኅቴ እንጀራ ጋግራ ሸጣ የምታድር ሴት ናት። ቢሆንም ወር ሙሉ በክፍሉ በር ላይ ተቀመጠች፤ ምጣዷ ስለ ቀዘቀዘና የቤት ኪራይ ስለ ደረሰባት ግን ልጁን ይዛ ተመለሰች። ልጁ ዛሬ ቤት ነው። በሰፈሩ የሚያልፉትን ባጃጆች ሁሉ በሰሌዳ ቍጥራቸው ለይቶ ያውቃቸዋል። የሒሳብ መምህር ለሆንሁት ለእኔ ይህ እንዴት እንደሚያንገበግበኝ አንባቢ ይፍረድ።

ወደ ራሴ በደል ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዘጠነኛ ክፍል አንድ ተማሪ ነበረኝ። ስጠይቀው የጠየቅሁትን ቃል መልሶ ለእኔው ይደግምልኝ ነበር፤ ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ ይጐነበሳል። ዓይን ዓይኔን አለማየቱን ልብ አላልሁትም፤ በአገራችን ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን ቢሰብር ጨዋ ይባላልና። ቃሌን መድገሙን ግን እንደ ፌዝ ቈጥሬ ከክፍል እያስወጣሁ አቆምሁት። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ልጁ ቀረ። እኔ ሐኪም ስላይደለሁ የዚያን ልጅ ነገር በስም ልጠራው አልችልም፤ ነገር ግን ምን እንደ ሆነ ሳልጠይቅ መቅጣቴን አውቃለሁ።

ኦቲዝም አዲስ ነገር አይደለም። ዶክተር ሊዮ ካነር በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ አሥራ አንድ ልጆች ጽፈው ነገሩን ለሕክምና ዓለም አስታውቀዋል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን «የእናት ፍቅር ማነስ ያመጣዋል» ተብሎ እናቶች ያለ በደላቸው ተወቅሰዋል፤ ይህም አሳብ ስሕተት መሆኑ ተረጋግጦ ተጥሏል። ከአሥራ አንዱ ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ገና በሕፃንነቱ ከቤቱ ርቆ በአንድ ማሳደጊያ እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር። ወላጆቹ ግን መልሰው ወሰዱት፤ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ከኮሌጅ ተመረቀ፤ በትውልድ ከተማውም በባንክ ሠራተኛነት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2023 በ89 ዓመቱ ዐረፈ። «ባንኩ እኮ የቤተ ሰቡ ነበረ» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። የእኅቴ ልጅ የሚወርሰው ባንክ የለውም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከማንም ይልቅ ለእርሱ ያስፈልገዋል።

በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የገዛ ልጃቸው ነገር አነሣሥቷቸው በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2002 አቋቁመዋል። ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም የአንዲት እናት ትጋት የመላ አገሩን ሥራ ሊሠራ አይችልም። ሕጉስ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲረዳ ያዛል። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በአዋጅ ቍጥር 676/2002 ጸድቋል፤ ስምምነቱ እነዚህ ልጆች በጉዳታቸው ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለሉ ይደነግጋል። የጎደለው ሕጉን ከትምህርት ቤቱ በር የሚያደርስልን ሰው ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ «ስልሳ ልጅ በሞላበት ክፍል ይህን እንዴት እንችላለን?» ቢሉ አልቀየማቸውም፤ እኔም ብዬዋለሁ። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስለዚህ ሸክሙን እንከፋፈለው ዘንድ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ልጅ አልቀበልም የሚል ርእሰ መምህር ምክንያቱን በጽሑፍ ለወላጅ ይስጥ፤ ግልባጩንም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይላክ። በቃል «ሞልቷል» ማለት ቀላል ነው፤ ፈርሞ ማኅተም ማድረግ ግን ያሳስባል።

ሁለተኛ፣ በየጉድኝት ማዕከሉ ቢያንስ አንድ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነ መምህር ተመድቦ በአካባቢው ያሉትን ትምህርት ቤቶች እየዞረ ይርዳ። እናት ምጣዷን ትታ በክፍል በር ላይ መቀመጥ አይገባትም።

ሦስተኛ፣ እኛ መምህራን ገንዘብ የማይጠይቀውን እንሥራ። ልጁን ጫጫታ ከማይበዛበት ስፍራ ማስቀመጥ፣ ትእዛዝን አንድ በአንድ በአጭር ቃል መናገር፣ የቀኑን ፕሮግራም በሥዕል ማሳየት፣ የተለመደው ነገር ሲለወጥ አስቀድሞ መንገር፣ ደወል ከመደወሉ በፊት ማስታወቅ፤ ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ትዕግሥትና ጥቂት ጠመኔ ብቻ ነው። ለቀሩትም ተማሪዎች ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም።

አራተኛ፣ ወላጆች ልጆቻችሁን ከእንግዳ ፊት አትደብቁ። ያልታየ ልጅ አይቈጠርም፤ ላልተቈጠረም በጀት አይያዝለትም።

ዘንድሮ መዝገብ ሲከፈት እኅቴ ልጇን ይዛ ወደ አራተኛው ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። የዚያ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ይህን ጋዜጣ ያነበበ ሰው ቢሆን ምንኛ በወደድሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከደሴ