ኮድ የሚጽፍልን ማሽን ሥራ አቀለለ አትበሉኝ

«ቲቸር፣ ኮዱን ኤአይ ይጽፈው የለ? ጃቫ መማር ምን ያደርጋል?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ፣ አልስማማም!

ነገሩ አዲስ አይደለም። በኢጄቢ 2 ጊዜ ለአንድ ቢን ክላሱ ብቻ አይበቃም ነበር፤ ሆም ኢንተርፌስ፣ ሪሞት ኢንተርፌስ፣ በዚያ ላይ የኤክስኤምኤል መዓት። አንዱ ጋ ስም ቀይረህ ሌላው ጋ ከረሳህ ጉድህ ፈላ። ከዚያ ኤክስዶክሌት መጣ፤ ኮሜንት ውስጥ የጻፍከውን ምልክት አይቶ ቀሪውን ፋይል ያወጣልሃል። ደስ ይል ነበር፣ አልክድም። ግን ሸክሙ የት ሄደ? የትም! የወጣው ፋይል አልሠራ ሲል አንብቦ የሚያስተካክለው ያው ሰው ነው። ሥራው የምር የቀለለው በ2006 እ.ኤ.አ. ኢጄቢ 3 መጥቶ «እነዚህ ፋይሎች አያስፈልጉም» ሲል ነው። ማሽን ከአንድ ክላስ ማውጣት የሚችለውን ነገር ሰው መጀመሪያስ ለምን ተጠየቀ?

አሁን ደግሞ ጄሂፕስተሩም ኤአዩም ሙሉ ሲስተም ያወጣል። «ትራንዛክሽኑ የት ይጀምራል?» ስትሉት ግን ተመራቂው ጣሪያ ያያል። ጤና ሚኒስቴር የጤና ጣቢያ ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 እኮ ጃቫ ነው። ሲበላሽ ማን ሊጠግነው ነው?

አንዲት ቢን በእጃችሁ ጻፉና እንከራከር። ወለቃ ነኝ፤ መብራት ካለ እመልሳለሁ።