የኤድና አዳን ሽልማትና ከሐርጌሳ የወሊድ ክፍል የተገኘው ማስረጃ

ሶማሊላንዳዊቷ አዋላጅ ነርስ ኤድና አዳን ኢስማኢል እአአ በ2023 የቴምፕልተን ሽልማትን ሲቀበሉ፣ ለዚህ ክብር የበቁ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነዋል። በወቅቱ ጎልቶ የተነገረው ቀድሞ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ መሬት ላይ አስገንብተው በ2002 ሐርጌሳ ውስጥ የከፈቱት ሆስፒታል ነበር። ሆስፒታሉ ያካሄደው ምርምር ግን የዚያን ያህል ትኩረት አላገኘም።

የሆስፒታሉ ባለሙያዎች ከ2002 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ለእርግዝና ክትትል የመጡ 4 ሺህ ያህል ሴቶችን መረጃ መዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል 97 በመቶው የተገረዙ ነበሩ። ወደ ሆስፒታል የመጡ ሴቶች መላውን ሕዝብ አይወክሉም። ይሁን እንጂ መዝገቡ ትልቅ ዋጋ ነበረው፤ በአደባባይ የማይነሳውን ጉዳይ ከወግና ከክርክር አውጥቶ የሕክምና ማስረጃ አድርጎታል። ግርዛት የሚተወው ጠባሳ ምጥን ሊያራዝም፣ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ሊያጋልጥ ይችላል።

በ2020 ይፋ የሆነው የሶማሊላንድ የጤናና ሥነ ሕዝብ ጥናትም የተገረዙት ሴቶች 98 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አመልክቷል። ይህ ምንም ለውጥ የለም ያሰኝ ይሆናል። ነገር ግን አኃዙ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶችን ስለሚመለከት ከአሥርት ዓመታት በፊት የተገረዙትንም ይጨምራል። የዛሬዎቹ ሕፃናት ከድርጊቱ መትረፍ አለመትረፋቸው የሚታወቀው ምዝገባው ለዓመታት ሳይቋረጥ ሲቀጥል ብቻ ነው።

ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የአፍሪካ ኅብረት በክዋሜ ንክሩማህ ስም የሚሰጠው ሳይንሳዊ ሽልማት በአህጉሪቱ አምስት ቀጣናዎች ለሴት ተመራማሪዎች 20 ሺህ ዶላር ያበረክታል። በ1991 ነፃነቷን ያወጀችው ሶማሊላንድ ግን የኅብረቱ አባል አይደለችም። በመሆኑም የሐርጌሳ ተመራማሪዎች በአገራቸው ስም የሚወዳደሩበት ዕድል የላቸውም።

ሽልማት የአንድን ሰው ድካም ያከብራል። ምርምር ግን ለመዝጋቢዋ አዋላጅ ደመወዝ፣ ለመረጃ ማከማቻና ለተተኪዎች ሥልጠና በየዓመቱ በጀት ይሻል። ኤድና ከሽልማታቸው ገንዘብ የተወሰነውን ለሆስፒታላቸው ለመስጠት መወሰናቸው፣ ይህንን ወጪ የሚሸፍን ቋሚ ምንጭ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያሳያል።