የበቆሎ ቀለምና የዘር ማሻሻል ሥራ

ድቅል በቆሎ ለገበሬው ከመድረሱ አስቀድሞ ጠባያቸው የማይለዋወጥ ንጹሕ ወላጆች ሊገኙ ይገባል። ለዚህም በቀድሞው ልማድ ተክሉን ከራሱ ጋር እያዳቀሉ ከስድስት እስከ ስምንት ትውልድ መጠበቅ ግድ ነበር። ዛሬ ሥራው በሁለት ወይም በሦስት የመዝሪያ ወቅት ይፈጸማል። ካፋጠኑት ነገሮችም አንዱ ማንም ሠራተኛ በዓይኑ የሚያየው ሐምራዊ ቀለም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቆሎ 20 ክሮሞሶም አለው፤ 10 ከእናቱ፣ 10 ከአባቱ። አሜሪካዊው ሊቅ ኮ በ1959 (እ.ኤ.አ.) የገለጹት አንድ ዘር ግን ከፍሬው ጥቂቱ የእናቱን 10 ብቻ ይዞ ይወለዳል። የዚህን ፍሬ ክሮሞሶም ኮልቺሲን በተባለ መርዝ እጥፍ ማድረግ ከተቻለ ንጹሕ ዘር በአንድ ጊዜ ይወጣል። ዳሩ ግን ከብዙ ሺህ ፍሬ መካከል የትኛው እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?

ናንዳና ቼዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1966 (እ.ኤ.አ.) የሽል ቀለም ምልክት ስለመሆኑ ጻፉ። አባት የሚሆነው በቆሎ ናቫሆ የተባለውን የቀለም ጂን እንዲይዝ ይደረጋል። ከሁለቱ ወላጆች የተወለደው ፍሬ አናቱም ሽሉም ሐምራዊ ይሆናል። የአባት ድርሻ በሌለበት ፍሬ ግን የሽሉ ስንቅ ብቻ ከአባት ስለሚካፈል አናቱ ሐምራዊ ሆኖ ሽሉ ነጭ ይቀራል። እንግዲህ ሥራው ምስር እንደ መልቀም ያለ ነው።

በ2013 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ከኬንያ የእርሻ ምርምር ተቋም ጋር በኪቦኮ ለዚሁ ሥራ አንድ ጣቢያ ከፍቷል፤ ዓላማውም የአፍሪካን አዳቃዮች ማገልገል ነው። በቆሎ በምርት ብዛት ከእህሎቻችን ቀዳሚ በመሆኑ ጉዳዩ እኛንም ይነካል።

ሆኖም ቀለሙ ሁልጊዜ አይታመንም። አንዳንድ የበቆሎ ዘሮች ቀለሙን የሚያፍን ሌላ ጂን ስላላቸው ለቃሚው ይሳሳታል፤ በዚህም ምክንያት በቀይ ሥር የሚለይ ሌላ ምልክት ተሠርቷል። ለቀማው በርካሽ ቢሠራም እጥፍ ማድረጉ የሠለጠነ እጅ፣ ከመርዙ መጠንቀቅንና የችግኝ ቤትን ይጠይቃል። በእኛ አስተያየት ይህን ሁሉ በየአገሩ ከመሥራት ይልቅ ለጊዜው በጎረቤት ጣቢያ መገልገል ይሻላል። ነገር ግን የአገራችን በቆሎዎች የትኞቹ ቀለሙን እንደሚያሳዩ፣ የትኞቹ እንደሚያፍኑ አስቀድሞ መፈተን የራሳችን ወጣት ተመራማሪዎች ሥራ ነው፤ ለመጀመርም የአባቱ ዘር፣ አንድ ማሳና ታጋሽ ዓይን ይበቃል።