ሶሌታው ሳይሞላ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው የማይከራከርበት ዋጋ የለም። በብረት የኪሎ ዋጋ ይደራደራል፤ ሲሚንቶ ረከሰ ወደተባለበት ይሮጣል፤ አሸዋ ሲራገፍ ቆሞ ያያል። የራስህን ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ቅጠር ሲሉት ግን “ኮንትራክተሩ መሐንዲስ አለው፤ ሌላ ምን ያደርግልኛል?” ይላል። የዕድሜ ልክ ጥሪት በሚፈስበት ሥራ ላይ ቁጠባው እዚህ ጋ መሆኑ ያሳስበኛል።

የተቆጣጣሪ ሥራ የሚጀምረው ከመሠረቱ ቁፋሮ ነው። በብዙ የከተማችን ሰፈሮች ያለው ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በደንብ ሳይወጣ፣ በገረጋንቲ ሳይተካና በየንብርብሩ ሳይጠቀጠቅ ቤት ከተሠራበት ወለሉ ይነሣል፣ ግድግዳው ይተረተራል። ቀጥሎ ብረቱ አለ፦ የስታፋው (የቀለበት ብረቱ) ርቀት በፕላኑ ልክ ነው? ብረቱ ጣውላው ላይ እንዳይተኛ ስፔሰር ገብቷል? ኮንክሪት ሲቦካ ደግሞ አሸዋና ጠጠሩ በሳጥን ይሰፈራል ወይስ በአካፋ ግምት? ሥራው እንዲቀል ተብሎ ውሃ እየተጨመረ ነው? ከተሞላ በኋላም ኮንክሪቱ ቢያንስ ለ7 ቀናት ውሃ መጠጣት አለበት። የታሰበለት ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ስለሆነ፣ ኮንክሪቱን የተሸከመው ድጋፍ ለሌላ ሳይት ተፈለገ ተብሎ ያለጊዜው እንዳይነቀል የሚከለክል ሰው ያስፈልጋል።

ከእነዚህ አብዛኞቹ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ አይታዩም። ተቆጣጣሪው መገኘት ያለበት ከሙሌቱ በፊትና በሙሌቱ ሰዓት ነው። ኋላ የሚመጣ ባለሙያ ስንጥቁን ከማሳየት ያለፈ ብዙ አይረዳም።

የተቆጣጣሪውን ደመወዝ የሚከፍለው ማን እንደሆነም ወሳኝ ነው። የኮንትራክተሩ መሐንዲስ ጎበዝና ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም “ይፍረስና እንደገና ይታሰር” ቢል ኪሳራው የቀጣሪው ነው። በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ገንቢ ተቆጣጣሪውን በባለቤቱ ስም እንዳይሾም በሕግ ተከልክሏል። እኛም ዘንድ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕንፃ ሹምና የሕንፃ ተቆጣጣሪ እንዲኖሩ ደንግጓል። ነገር ግን ብዙ ሳይት የሚዞር የመንግሥት ተቆጣጣሪ የእያንዳንዱን ቤት የዕለት ሥራ ቆሞ እንዲከታተል መጠበቅ አይቻልም።

ከሁሉም በላይ የማስበው በሪያድ፣ በዱባይ ወይም በዋሽንግተን ሆነው ለወንድም ብር እየላኩ ቤት የሚያሠሩትን ነው። ወንድም ታማኝ ይሆናል፤ የስታፋ ርቀት ግን በታማኝነት አይለካም።

ስለዚህ ውል ስትፈርሙ አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ የባለቤቱ መሐንዲስ አይቶ በጽሑፍ ሳይፈቅድ መሠረትም፣ ምሰሶም፣ ሶሌታም አይሞላም፤ ያለፈቃድ ለተሞላም ክፍያ የለም። ይህን አንቀጽ ከማይቀበል ኮንትራክተር ጋር አትፈርሙ።