«የዕድሜ ነገር ነው» የሚለው መልስ

በቦሌ ወይም በመገናኛ አካባቢ ከኖሩ አዛውንት «ድምፁ ይሰማኛል፤ ንግግሩ ግን አይለይልኝም» የሚል አቤቱታ መስማት የተለመደ ነው። የሚሰጣቸው መልስም የተለመደ ነው፦ የዕድሜ ነገር ነው። የሕዋስ ሥነ ሕይወት ግን ይህን መልስ የሚደግፈው በከፊል ብቻ ነው።

የሰው ልጅ በእያንዳንዱ ጆሮው 15,000 ያህል ፀጉራማ ሕዋሳት ይዞ ይወለዳል። ወፎች የሞተባቸውን ሕዋስ ይተካሉ፤ እኛ አንተካም። በጸጥታ ባረጁ የላቦራቶሪ እንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ዋናው ጥፋት የሕዋሳቱ ሞት ሳይሆን ኃይል የሚሰጣቸው የኮክሊያ «ባትሪ»፣ ማለትም የስትሪያ ቫስኩላሪስ፣ መድከም ነው የሚል እምነት አሳድረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የቦስተን ተመራማሪዎች ከሟቾች የተወሰዱ 120 የውስጥ ጆሮዎችን መርምረው ሲያበቁ ውጤቱ ተገለበጠ፦ የመስማት መቀነሱን በአብዛኛው የሚያብራራው የፀጉራማ ሕዋሳቱ መጥፋት ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱም በጸጥታ ካረጁት እንስሳት እጅግ የበዛ ስለነበር፣ በሕይወት ዘመን የተጠራቀመ ጩኸት ድርሻ እንዳለው ጠቆሙ።

ሐሳቡ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ሳሙኤል ሮዘንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ጥናት፣ ከምዕራባዊ ድንበራችን ማዶ በጸጥታ የሚኖሩት የማባን አዛውንት ከአሜሪካ እኩዮቻቸው የተሻለ እንደሚሰሙ አሳይተዋል። (ዕድሜያቸው በግምት መወሰዱና የአመጋገብና የዘር ልዩነት አለመለየቱ ጥናቱን ቢያዳክመውም፣ ጥያቄውን አላስቀረውም።)

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከሕዋሱ ሞት በፊት የሚደርሰው ነው። ኩጃዋና ሊበርማን እ.ኤ.አ. በ2009 ለከባድ ድምፅ የተጋለጡ አይጦች የመስማት ደረጃቸው ወደ ነበረበት ቢመለስም፣ በከፍተኛ ድምፀት ክልል በሕዋሱና በነርቡ መካከል ካሉት መገናኛዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ለዘለቄታው መጥፋታቸውን አሳዩ። በጸጥታ ክፍል ውስጥ በንጹህ ቃና የሚደረገው ምርመራ ይህን ጉዳት አያይም። በሕያው ሰው ላይ በእርግጠኝነት የሚለካው መሣሪያም ገና አልተገኘም፤ ሆኖም በጫጫታ መካከል ንግግርን መለየት መፈተኑ ከንጹህ ቃና ይልቅ ለአዛውንቱ አቤቱታ የቀረበ ነው።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችን ከስልሳ ዓመት በላይ ባሉ ታካሚዎች ላይ ያንኑ የቃና ምርመራ ከመደጋገም ይልቅ የሠላሳ ዓመቱን ሰው ቢፈልጉ እመርጣለሁ፦ የመገናኛን የታክሲ ረዳት፣ የቦሌን የምሽት ክበብ ሙዚቀኛ፣ በሲኤምሲና በአያት የሚሠራውን የግንባታ ሠራተኛ። የእንግሊዝኛ የቃላት ዝርዝር ተርጉሞ ማቅረብ ግን አይበቃም። አማርኛ «ትል»ን ከ«ጥል»፣ «ክር»ን ከ«ቅር» የሚለየው እጅግ አጭር በሆነ የተነባቢ ልዩነት ነው፤ በጫጫታ ውስጥ ቀድሞ የሚጠፋውም እንዲህ ያለው ነው። ከአማርኛ ውጭ አፋቸውን የፈቱ ነዋሪዎች ብዙ በመሆናቸው ለአፋን ኦሮሞም የራሱ ዝርዝር ያሻዋል።

ሕክምና ከሌለው መለየቱ ምን ይፈይዳል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ለሰባ ዓመቱ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። የሠላሳ ዓመቱ ረዳት ግን አብዛኞቹ ፀጉራማ ሕዋሳቱ ገና በሕይወት አሉ፤ የጆሮ መድፈኛም ውድ ዕቃ አይደለም።